የአሥራ አንድ ካርቶን መጻሕፍት ርክክብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ይድረስ ለባለ መፍቻው፤

ድሮ የምጠራህ በዚህ ስም ስለነበረ ሌላ መጠሪያ ፈልጌ አላገኘሁልህም። ጤናህን በየሳምንቱ ከእህትህ ስለምሰማ፣ እንደምን ከረምክ እያልኩ ወረቀት አልጨርስም። ባለፈው ወር የምትኖርበት ሕንፃ ሊፍት ተበላሽቶ፣ አንተ የሰው ሁሉ ሊፍት ጠጋኝ፣ እያነከስክ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግርህ እንደወጣህ ነግራኛለች። ሳቅሁ፣ አልዋሽህም። ጉልበትህ ግን አሳስቦኛል። እኔ ደህና ነኝ። ከማተሚያ ቤቱ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ቢያልፈኝም አራሚነቱ አልለቀቀኝም፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ በዓይኔ ሳላርም ኪኒኔን አልውጥም።

የምጽፍልህ ስለ መጻሕፍትህ ነው። ከሁለት ወር በፊት እህትህ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ ብላ በር ላይ እንደቆመች፣ «መጽሐፎቹን ለሚፈልግ ሰው ስጪያቸው ብሎሻል» አለችኝ። «ምነው?» አልኳት። «ቋሚ ቅጥር ሊያደርጉት ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ መልሱን ይሰጣል። እንግዲህ እዚያው መቅረቱ ነው።» ውኃ ጠማኝ አለችና አመጣሁላት፤ ሳቀብላት ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ወለሉን ወለወልኩ። ለአንድ ዓመት ብለህ የሄድክበት ሥራ ስድስተኛ ዓመቱን ስለያዘ ዜናው ሊያስደነግጠኝ ባልተገባ ነበር።

እንግዲህ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ላስረዳህ። መጻሕፍቱን ቆጠርኩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። ገሚሱ ጠፈር፣ ገሚሱ አስማት፣ ጥቂቱ ደግሞ አስማትም ጠፈርም ያለበት፣ ደራሲው መወሰን አቅቶት የተወው። መጀመሪያ ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የጻፍኩትን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየና፣ «የፈተና መለማመጃ የለዎትም?» አለኝ። ቀጥዬ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠውን ሰውዬ ጠራሁት። መጽሐፎቹን ሳይከፍት በእጁ እያነሳ ክብደታቸውን ሲገምት ሳየው ዕቃ መጠቅለያ ሊያደርጋቸው እንደሆነ ገባኝ፤ በሰላም ሸኘሁት። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም።

የመፍትሔውን ነገር የነገረችኝ መድኃኒቴን የምገዛባት ፋርማሲስት ናት። ብልቃጡ ላይ ያገኘሁትን ስህተት ላሳያት ሄጄ ነው ወሬ የጀመርነው። ለካ ከሥራ ሰዓቷ ውጪ ቤተ መጻሕፍት ትመራለች። ባትሪ መሸጫው ሱቅ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ነው። የሳይንስ ልብወለድና የምናብ ታሪክ ብቻ ነው የሚይዙት። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት ይከፈታል። የሚሠሩት አራት ሰዎች ሲሆኑ ሁሉም በፈቃዳቸው፣ ያለ ደመወዝ ነው። አንዱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሁልጊዜ ያንኑ የቀለበት መንገድ ስለሚዞር ምሕዋር ነው የሚሉት። ካርቶኖቹን የጫነልኝ እሱ ነው፣ በአውቶቡስ ሳይሆን በገዛ መኪናው።

መደርደሪያዎቹን ብታይ ትወዳቸው ነበር። በአንደኛው ላይ «ያልሆነ፣ ሊሆን የሚችል» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው ላይ «ያልሆነ፣ ሊሆንም የማይችል»። በመስኮቱ በኩል ደግሞ አንድ ጠባብ መደርደሪያ አለች፤ «ክርክር ላይ ያለ» ትላለች። እዚያች ላይ የተቀመጠው መጽሐፍ ከሁለቱ የበለጠ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ አንዲት ዘንዶ ሲጨቃጨቁ ቆይተው ሻይ ይጠጡና ሳይወስኑ ይበተናሉ።

ፋርማሲስቷ የመጀመሪያውን ካርቶን ከፈተች፣ አንዱን መጽሐፍ አገላበጠች፣ ሌላውን አገላበጠች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ እነዚህ ሁሉ ተጽፎባቸዋል።»

«በእርሳስ ነው» አልኳት።

«በእርሳስም ቢሆን። እኛ ጋ የተጻፈበት መጽሐፍ በላጲስ ሳይጠረግ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። ይኸው፣ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ 'ገዳዩ ሮቦቱ ነው' ይላል። ማነው እንደዚህ ያደረገው?»

«ባለቤቴ። የሚያውቀውን ነገር መያዝ አይችልም።»

«እንግዲህ አራት መቶ መጽሐፍ ለመጥረግ እኛ ጉልበቱ የለንም። እርስዎ ካገዙን እንቀበላለን፤ ካለዚያ ይመልሱታል።»

ተስማማሁ። ሥራ ፈት ነኝ፣ ላጲስ ማንም አያስተምረኝም። እንዲህ ሆኖ አምስተኛዋ በጎ ፈቃደኛ ሆንኩ። የራሴ ወንበር ሁሉ አለኝ፣ አንድ እግሩ የሚንቀጠቀጥ።

ሁለታችን በእነዚያ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ስንት እንደተጻጻፍን ረስቼው ነበር። አንተ አንብበህ ስትጨርስ ገበታው ላይ በእኔ በኩል ታስቀምጥልኛለህ፣ እኔ ያለ እርሳስ ማንበብ ስለማይሆንልኝ ስህተቱን እየለቀምኩ አነባለሁ፣ አንተ ደግሞ ተመልሰህ ለእርማቴ መልስ ትጽፋለህ። በአንደኛው ላይ እኔ፦ «ምዕራፍ ሁለት ላይ ጨረቃዎቹ ሁለት ነበሩ፣ እዚህ ሦስት ሆነዋል።» አንተ፦ «አንደኛዋ ወልዳ ይሆናል።» በሌላው ላይ እኔ፦ «ሰውዬው እግሩ ተሰብሮ እንዴት ሮጠ?» አንተ፦ «ቸኩሎ ነዋ!» ብቻዬን ስስቅ ምሕዋር ቀና ብሎ ያየኛል። ከዚያ እጠርገዋለሁ። ጠርጌ ስጨርስ ገጹን እፍ እለዋለሁ፣ ብናኙ ይበንናል፣ መጽሐፉ ወደ ፋርማሲስቷ ያልፋል። በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ካርቶን አለቀ። የላጲሱን ብናኝ ምሕዋር በመጥረጊያ ሰብስቦ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ ሰውየው ራሱ ስጪያቸው ብሏል፣ እኔም ሥራዬን እየሠራሁ ነው እል ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልንገርህ። እኛ ማተሚያ ቤት የሚሰረዝ ነገር ሲኖር ከሥሩ እናሰምርና ኅዳጉ ላይ «ይቅር» ብለን እንጽፋለን። ለፊደል ለቃሚው ትእዛዝ ነው፤ ይህ ይውጣ፣ አይታተም ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በቀን መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ያንተንም መጻሕፍት አልማርኳቸውም። በአንዱ መጽሐፍህ የጠፈር መርከቧን ሞተር አራት ገጽ ሙሉ የሚተነትነው ቦታ ላይ «ይቅር» ብዬ ነበር፤ አንተ ከሥሩ «አይቅር! ለእኔ የሚጥመኝ ይኸው ነው» ብለሃል። ቤታችን ውስጥም ገብቶ ነበር ቃሉ። «ዛሬ ዘመድ ጥየቃው ይቅር» ስትል በእጅህ አየሩ ላይ ከሥሩ ታሰምርበት ነበር።

ስለዚህ የሄድክ ዕለት ጠዋት ያነበብኩትን እንዴት እንዳነበብኩት ተረዳኝ። ማታውን እህትህ ፊት ተጣልተናል። አንተ ከእኔ ጋር ነይ፣ አንድ ዓመት ብቻ ነው አልክ፤ እኔ ሥራዬን አልተውም አልኩ። «አንቺ ያገባሽው እኔን ሳይሆን ስህተቴን ነው» አልከኝ። እኔም «ስህተትህ ባይበዛ አንተንም አገኝህ ነበር» አልኩህ። ሁለታችንም በተናገርነው ነገር ጥሩነት ረክተን የተኛን ይመስለኛል። ጠዋት ስነሳ የለህም። ገበታው ላይ ያ ስለ መርከቧ የሚያወራው መጽሐፍ ተከፍቶ፣ መነጽሬ ላዩ ላይ ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ባለው ገጽ፣ ከግርጌው፣ በእጅ ጽሑፍህ እንዲህ ይላል፦

«ባቡሩ እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ያልኩሽን ሁሉ ይቅር»

አነበብኩት። «ያልኩሽን» የምትለዋ ላይ ያለችውን «ን» አየኋት። አንተ «ን»ን ያለ ቦታዋ መዶል ልማድህ ስለሆነ በልቤ ሰረዝኳት፤ «ያልኩሽ ሁሉ ይቅር» ሆነልኝ። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ እንደሌለም አየሁ። አራት ነጥብም ትረሳለህና በልቤ ጨመርኩልህ። እመለሳለሁ ያልኩሽ፣ አብረን እናረጃለን ያልኩሽ፣ ሁሉም ይሰረዝ ብለሃል ማለት ነው። በሙያዬ ቋንቋ የተጻፈልኝን ትእዛዝ ተቀበልኩ። መጽሐፉን ዘጋሁና መደርደሪያው ላይ መለስኩት፣ ከዚያም ሥራ ገባሁ። ያን ቀን ስድሳ አራት ገጽ አርሜያለሁ፣ አንድም አላመለጠኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትደውል ከኋላህ የሠራተኞች ጫጫታ ይሰማ ነበር። «አነበብሽው?» አልከኝ። «አነበብኩት» አልኩ። «እና?» አልክ። «የምጨምርበት የለም» አልኩህ። ከዚያ ስልኩን የዘጋኸው አንተ ነህ፣ ወይም እኔ፤ እሱን በትክክል አላስታውሰውም። ከዚያ ወዲህ የተነጋገርነው በእህትህ በኩል ነው።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ አሥረኛውን ካርቶን ከፈትን። ምሕዋርም አንዳንዱን ያግዘኛል። አንዱን መጽሐፍ ይዞ እየሳቀ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺን ይስሙልኝ። ገጹ ራስ ላይ 'ብይኝ' ተብሎ ተጽፏል። ጭራቁ ነው እንዴ የሚያወራው? እኔ እንኳ ይህን መጽሐፍ ሁለቴ አንብቤዋለሁ፣ መርከብ እንጂ ጭራቅ የለውም።»

«ማን 'ብይኝ' ብሎ ይጽፋል? አምጣው እስቲ» አልኩት።

መነጽሬን አስተካክዬ አየሁ። ፊደሏ «ብ» አይደለችም፤ «በ» ናት። ወረቀቱ ላይ ያለች ነቁጥ ትከሻዋ ላይ ተለጥፋ አሳስታው ነው። «'በይኝ' ነው የሚለው፤ 'በ' ናት» ብዬ አረምኩት፤ እስከዚያ ድረስ እንኳ እየሠራሁ ነበር። ከዚያ የማን እጅ እንደሆነ አየሁ። ቀጥዬ ቀሪውን አነበብኩ።

«በይኝ። ክፉ ነው የተናገርኩሽ። ና ካልሽኝ ሥራውን ትቼ እመለሳለሁ።»

ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩት። ከግርጌ «ያልኩሽን ሁሉ ይቅር» ይላል። ወደ ፊት ገለጥኩት። «በይኝ»። ኅዳጉ አልቆብህ ነው የገለበጥከው። አራት ነጥቡ የት እንዳለ አየሁት፤ «በይኝ» አጠገብ፣ ትክክለኛው ቦታው ላይ። «ን»ም ያለ ቦታዋ አልነበረችም። በሕይወትህ ሙሉ ስህተት ያልነበረበት ነገር የጻፍከው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እሱን አረምኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከገጽ ገጽ የተሻገረ ዓረፍተ ነገር ስከታተል የኖርኩ ሴት ያንን አንድ ገጽ አልገለጥኩም። አዲስ ተቀጣሪዎችን የማስተምረው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር።

ምሕዋር ሳቁን አቆመ። «አበላሸሁ እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ። «አንተ አይደለህም» አልኩት። ከዚያ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም፤ ግን ሰው ፊት ነው፤ አንተ እንደምታውቀኝ እናቴ ስትሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀስኩም። የምትንቀጠቀጠዋ ወንበር ድምፅ አሰማችና ፋርማሲስቷ ከወዲያኛው ክፍል መጣች። ያልገባትን ነገር ስለማትጠይቅ እወዳታለሁ፤ መጽሐፉን ተቀብላኝ ሁለቱንም ገጽ አነበበችና ሻይ ቀዳችልኝ።

ችግሩ መጽሐፉ ተመዝግቦ ርክክቡ መፈረሙ ነው። በደንባቸው ለቤተ መጻሕፍቱ የገባን መጽሐፍ መመለስ የሚቻለው በስብሰባ ነው። ስለዚህ ተሰበሰብን፣ አምስታችንም፣ ስለ አንተ ኅዳግ ለመወያየት። ፋርማሲስቷ ተቃወመች። «አዝናለሁ፣ እትዬ፣ ግን አንዴ ከተፈቀደ ሰው ሁሉ የትዳሩን ጣጣ ኅዳግ ላይ ይዞብን ይመጣል» አለች። ትክክል ናት። ድምፅ ሲሰጥ እጄን ያወጣሁት ከእሷ ጋር ነው፤ ደንብ ደንብ ነው። ምሕዋርና ሁለቱ ሌሎች በሌላው ወገን ቆሙ። ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። መዝገቡ ላይ «በስህተት የገባ» ተብሎ ተጻፈና መጽሐፉ ተመለሰልኝ። አሁን አጠገቤ ነው።

የጠረግኳቸው ዘጠኝ ካርቶኖች ግን አይመለሱም። ጨረቃዋ ስለመውለዷ የጻፍከውን የምናውቀው አሁን እኔና አንተ ብቻ ነን። በዚህ እጅግ አዝናለሁ። ያላለቁ ሁለት ካርቶኖች አሉ፤ እጄን አላነሳሁባቸውም፤ ፋርማሲስቷም አልጠየቀችኝም፤ ከጠረጴዛው ሥር አስገብታ በጨርቅ ሸፍናቸዋለች።

ሦስት ሳምንት የቆየሁት ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ነው። ልደውልልህ ነበር፤ በስልክ የምንሠራውን ግን ታውቃለህ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለቱን ካርቶን መጥተህ አንተው ጥረጋቸው፣ እኔ አልሆነልኝም ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው ሰበብ ሆነብኝ፣ ቀደድኩት። በሁለተኛው የመጻሕፍቱ ክፍል ባዶ ሆኖ እንደሚያስተጋባ፣ ለሰው የሚበቃ ቦታ እንዳለ ጻፍኩ። እሱም ያው ነው። በሦስተኛው ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ። ይህኛው ከሁሉም የባሰ ሆኖ አገኘሁት፤ ስድስት ዓመት መልስ የከለከለ ሰው ይቅርታ ሰጪ መሆን አይችልም። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ስላልኩህም፣ ከዚያ በኋላ ዝም ስላልኩህም ይቅር በለኝ።

ይህ ደብዳቤ በአምስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። የኅዳር መጨረሻ ሳይመጣ እጅህ ይገባል ማለት ነው። ቋሚውን ሥራ ተው ልልህ መብት የለኝም። ጉልበትህም አርፎ መቀመጥ እንደሚፈልግ፣ እዚያም የለመድካቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ያኔ «ና ካልሽኝ» ብሎ የጻፈው ሰው ዛሬም አለ ወይስ የለም የሚለውንም አላውቅም። ስድስት ዓመት ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ጥያቄውን ቢረሳው ማንም አይፈርድበትም፤ እኔ ደግሞ ከማንም በፊት አልፈርድበትም። ይህን እያወቅሁ ነው የምጽፍልህ። ፊደሌ ሲወላገድ ካየህ እርጅና እንዳይመስልህ።

ና።

ባትመጣ አልቀየምህም። ግን ከቀረህ፣ የሚጠራህ ሰው አጥተህ ሳይሆን ተጠርተህ ቅር።

ጉልበትህን ይማርልኝ። መንገድህን ያቅናልህ፣ ወዲህም ይሁን ወዲያ።

ባለቤትህ